የቴአትር ቦዲስ ለምን ወገብ ላይ ይጨማደዳል? ቦን ከመጨመራችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ባለፈው አንዲት ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ለትምህርት ቤታቸው ቴአትር በእጇ የሰፋችው ቦዲስ ነው፣ የድሮ አውሮፓ እመቤት ልብስ፣ ቀይ ሳቲን ሆኖ ደረቱ ላይ ወርቃማ ጥልፍ ያለው፣ ስፌቱ በጣም ንጹህ ነው፣ ግን የምትተውነው ልጅ ለብሳው ስትቆም ወገቧ ዙሪያ ጨርቁ እጥፍጥፍ ብሎ አራት አምስት መስመር ሰርቷል። "እትዬ 16 ቦን ከትቼበታለሁ እኮ፣ አሁንም ይጨማደዳል፣ ስንት ልጨምር?" ትላለች። አንድም አትጨምሪ አልኳት። ለምን እንደሆነ ግን በሁለት መስመር ቴክስት ማስረዳት አልቻልኩም፣ ጥያቄው ደግሞ በየጊዜው የሚመጣብኝ ስለሆነ ሌሎቻችሁም እንድታነቡት ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ቦዲስ የምለው ከደረት እስከ ወገብ ሰውነት ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጠውን የቀሚሱን የላይኛውን ክፍል ነው፣ ቬሎ ላይ ያለውን ጠንካራውን ክፍል አስቡት። ቦን የምለው ደግሞ ልብሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ውስጡ የሚከተተውን ጠፍጣፋ ቀጭን ዘንግ ነው፣ ፕላስቲክም ይሆናል ብረትም ይሆናል፣ በደፈናው ሽቦ የሚሉትም አሉ።

አሁን ጨርቁ ለምን እንደሚጨማደድ እንይ። የሰው ወገብ ቀጭን ነው፣ ከላዩ ደረት ከታቹ ዳሌ ሰፋ ይላል። ጠባብ ልብስ ስትለብሱ ጨርቁ ተወጥሮ መቆየት ስለማይፈልግ ዙሪያው ወደሚያንስበት ቦታ ይንሸራተታል፣ ያ ቦታ ወገብ ነው፣ ከላይ የመጣውም ከታች የመጣውም እዛው ይገናኝና መሄጃ ሲያጣ ይተጣጠፋል። ለዚህ ነው መስመሮቹ ሁልጊዜ አግድም የሚሆኑት። በዛ ላይ ሰውየዋ ጎንበስ ስትል ከደረቷ እስከ ሆዷ ያለው ርቀት ያጥራል፣ የጨርቁ ርዝመት ግን ያው ነው፣ ትርፉ ይከመራል፣ ቀና ስትልም ሳቲን ወደነበረበት አይመለስም፣ በተለይ ላብ ካለ እዛው ተጣብቆ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት የተለያየ ሥራ አለ ማለት ነው። አንደኛው አግድም ዙሪያውን ይዞ ሳይለጠጥ መወጠር፣ ሁለተኛው ቁመቱ እንዳያጥር ቀጥ አድርጎ ማቆም። ሁለተኛውን ቦን ይሰራዋል። የመጀመሪያውን ቦን በፍጹም አይሰራውም፣ የጨርቁ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፣ ጥንካሬው ሁሉ ከቦን የሚመጣ ይመስለዋል።

ጃንጥላ ተመልከቱ። ጨርቁን ከሽቦዎቹ ብትለዩት ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ነው፣ ሽቦዎቹም ብቻቸውን በጣት የሚታጠፉ ስስ ነገሮች ናቸው። ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጨርቁ ሽቦውን ስለሚስብና ሽቦው ጨርቁን ስለሚገፋ ነው። ጨርቁ የሚለጠጥ ቢሆን፣ ለምሳሌ የቲሸርት ጨርቅ ቢሆን፣ የሽቦውን ቁጥር እጥፍ ብታደርጉትም ጃንጥላ አይሆንም፣ በሽቦዎቹ መሀል ይረግባል። የልጅቷም ቦዲስ የሆነው ይሄ ነው፣ አንድ ሳቲንና አንድ ስስ ገበር ብቻ፣ 16ቱ ቦን ደግሞ የረገበ ጨርቅ ውስጥ የሚዋኝ።

ይሄንን እኔም የተማርኩት በጉዳት ነው። በፊት ለአንድ ቴአትር አምስት ቦዲስ ተቀብዬ ነበር፣ ጊዜ አጠረኝና በአንድ ልስልስ ጨርቅ ላይ ቦኑን ደርድሬ አስረከብኩ፣ በልምምዱ ቀን ዋናዋ ተዋናይ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ሁለት ቦን ከታች ተገፍቶ በብብቷ በኩል ጨርቁን በስቶ ወጣ። ቆዳዋ ተላጠ። ያን ቀን ማታ አምስቱንም ልብስ ተሸክሜ አንድ የማከብራቸው የሱፍ ሰፊ ጋሼ ጋ ሄድኩ። እሳቸው በሕይወታቸው የሴት ቦዲስ ሰፍተው አያውቁም፣ ግን ገና በእጃቸው ሲነኩት "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሥጋ የለውም" አሉኝ። ከዛ አንድ የሱፍ ኮት ፊቱን ገለጥ አድርገው ውስጡን አሳዩኝ። በውጭው ሱፍና በገበሩ መሀል ሌላ ሻከር ያለ ጠንካራ ጨርቅ አለ፣ በጥቃቅን የእጅ ስፌት ከሱፉ ጋር ተያይዟል፣ ኮቱ ደረቱ ቆሞ የሚታየው በሱ ነው፣ አንድም ሽቦ የለበትም። አምስቱንም ፈትቼ እንደገና ሠራኋቸው።

እና ሥጋው ምንድነው? ከውጭ ጨርቁና ከገበሩ መሀል የሚገባ የማይለጠጥ ጨርቅ ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ብለው የሚሸምኑት ኩቲል የሚባል ጥብቅ የጥጥ ጨርቅ አላቸው፣ እዚህ አይገኝም ብላችሁ አትጨነቁ፣ ወፈር ያለ የጥጥ ካኪ ይሆናል፣ ላስቲክ የሌለው ጂንስ ይሆናል፣ ስስ ሸራም ይሆናል። አቡጀዲ ለመለኪያ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ሁለት ድርብ ብታደርጉት ግን ለአንድ ቀን ትርዒት ይችላል። ጨርቅ ቤት ስትገቡ በሁለት እጃችሁ ያዙና መጀመሪያ በወርዱ ቀጥሎ በማዕዘን ሳቡት። በማዕዘን ሁሉም ጨርቅ ትንሽ ይሰጣል፣ በወርዱ ግን ከሰጠ ሻጩ የፈለገውን ቢል አስቀምጡትና ውጡ፣ ምክንያቱም ወገብን የሚከበው አቅጣጫ እሱ ነው። ስትቆርጡም የእያንዳንዱ ቁራጭ ቁመት ከጨርቁ የርዝመት ክር ጋር ትይዩ ይሁን፣ ጨርቅ ለመቆጠብ ብላችሁ አንዱን ቁራጭ ጠመም አድርጋችሁ ብታወጡት ቦዲሱ በዛ ጎን ብቻ እየተለጠጠ ሙሉ ልብሱ ይጣመማል። ሳቲኑን ከዚህ ጨርቅ ላይ አንጥፉና ጠርዝ ጠርዙን በሰፋፊ የእጅ ስፌት ያዙት፣ ከዛ በኋላ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ቆጥራችሁ ትሰፉታላችሁ።

በካውያ ሙቀት የሚለጠፈው ባለ ሙጫ ጨርቅስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሳቲኑን ደልደል ስለሚያደርገው እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ግን እሱ ፊቱን ነው የሚያሳምረው፣ ስሱ ዓይነት በተለይ ሙጫው ሰውነት ሲሞቅና ሲተጣጠፍ እየለቀቀ አረፋ አረፋ ይሰራል። በስታርች ማድረቅም እንደዛው ነው፣ የመድረክ መብራት ስር አንድ ሰዓት ካላባት አለቀ።

የድሮዎቹ ሰፊዎች ይሄንን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ቦዲስ ሲሰራ ከውስጥ በማጣበቂያ የተጠነከረ የተልባ እግር ጨርቅ ያደርጉ ነበር፣ ቦኑ በሱ ላይ ተጨማሪ ነው። ቦኑም መጀመሪያ ላይ ሸምበቆና የደረቀ የሣር አገዳ ነበር፣ አገዳውን እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ጠባብ ማስገቢያ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው ይከቱታል። ይሄንን ሳነብ ቶሎ የመጣልኝ መሶብ ነው። ስንደዶና አክርማ አንድ በአንድ ብትይዙት ይሰበራል፣ ተጠቅልሎ ጠብቆ ሲሰፋ ግን የእናታችሁ መሶብ ስንት ዓመት ቆመ? አሠራሩ ያው ነው፣ ጥንካሬው ከመጥበቁ ነው የሚመጣው።

ከሣሩ ቀጥሎ የገነነው የዓሣ ነባሪ "አጥንት" ነው። ስሙ አሳሳተ እንጂ አጥንት አይደለም፣ ጥርስ የሌላቸው ዓሣ ነባሪዎች አፋቸው ውስጥ ምግባቸውን ከውሃ የሚያጠሉበት ረጃጅም ሳንቃ መሳይ ነገር አለ፣ የተሰራው ጥፍራችንና ፀጉራችን ከተሰራበት ኬራቲን ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በፈረንጆቹ 1603 ስትሞት ለቀብሯ ሥርዓት የተሰራው ምስል የለበሰው ቦዲስ እስካሁን ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ አለ፣ ውስጡ ያለው ቦን ይሄው ነው። ይሄን ያህል የተወደደበት ምክንያት በጣም ስስ ሆኖ ስለሚሰነጠቅ፣ በመርፌ ስለሚበሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሰውነት ሙቀትና እርጥበት ትንሽ ለስለስ ብሎ የለባሿን ቅርጽ ስለሚይዝ ነው፣ ብረት ይሄን አያደርግም። ዋጋው እየተወደደ ሲሄድ ምትክ ፍለጋ ተጀመረ፣ በ1883 ኤድዋርድ ዋረን የሚባል የሚሺጋን ነጋዴ ከቱርክ ዶሮ ላባ አገዳ ፌዘርቦን የሚባል ምትክ ሰራ፣ ጎን ለጎንም ብረቱ ተስፋፋ። ዛሬ ዓሣ ነባሪን ለንግድ ማደን በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ስለሆነ ያ ቦን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ መቅረቱም ደግ ነው።

የኛ ምርጫ እንግዲህ ምንድነው። በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጥ እንደ ሪባን የተሸመነ ነጭ ፕላስቲክ አለ፣ ሪጂሊን ይባላል፣ በላዩ ላይ መስፋት ይቻላል፣ ለቬሎ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው። ችግሩ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ጥቅልልነቱን ይዞ ይመጣል፣ ጨርቅ ደርባችሁበት ለብ ባለ ካውያ ሳታቃኑት ከሰፋችሁት ደረቱ ጋ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ሰውነት ላይ ብዙ ሰዓት ሲቆይም ወገብ ላይ ይጎብጣል፣ ለከባድ ቦዲስ አልወደውም። የካርቶን ማሸጊያ ፕላስቲክም አለ፣ ልጅቷ የተጠቀመችው እሱን ነው፣ ነጻ ነው፣ ግን በጣም ስስ ስለሆነ ሁለት ሁለቱን ደርቦ መክተት ያስፈልጋል።

እኔ ለቴአትር የማስቀድመው ኤሌክትሪሻኖች ገመድ የሚጠፍሩበትን ትልቁን የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ግቡና ሰፊውን ዓይነት በሉ፣ ወርዱ 7.6 ወይም 9 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ትንሿ 4.8 ለዚህ ሥራ ደካማ ናት። ናይለን ስለሆነ ብታጥፉት ይመለሳል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ አይዝግም፣ ይታጠባል። የሚቆለፍበትን ጭንቅላቱን ቁረጡና ጣሉት፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ፊቱ ወደ ውጭ፣ ልሙጡ ወደ ሰውነት ይሁን። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሰው ሠራሽ የዓሣ ነባሪ ቦን ተብሎ የሚሸጠውን ጀርመን ሠራሽ ፕላስቲክ በኦንላይን ታገኛላችሁ፣ ዋጋው ከበድ ይላል እንጂ እሱን የሚያህል ፕላስቲክ አላየሁም።

ብረት ሁለት ዓይነት ነው። ጠፍጣፋውን ለመረዳት የተማሪ ማስመሪያ ያዙ፣ በጠፍጣፋው በኩል ይታጠፋል፣ በጠርዙ በኩል ግን ብትሞቱ አይታጠፍም። ስለዚህ ቀጥ ያለ መስመር ላይ፣ ማለትም ጀርባ ገመዱ የሚገባበት ጋና ፊት ለፊት መሀሉ ላይ ነው የሚሆነው። በደረት ጎን ጎን የሚጎብጠው ስፌት ላይ ብትከቱት ወይ ስፌቱን ያቃናዋል ወይ ይገነጥለዋል። ለዛ የሚሆነው ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ተጠማዞ ጠፍጠፍ የተደረገው ነው፣ በሁሉም አቅጣጫ ይታዘዛል። ብረት ስትቆርጡ ጫፉን በሞረድ አክብቡና ቧንቧ ሰራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ጠቅልሉበት፣ አለበለዚያ ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከሳቲን አይለቅም።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ሥጋው ጥሩ ከሆነ ለተራ የመድረክ ቦዲስ ከ10 እስከ 12 ይበቃል። ፊት መሀል ግራና ቀኝ ሁለት፣ በደረት በኩል በሚወርደው ስፌት ላይ አንድ አንድ፣ ጎን ላይ አንድ አንድ፣ ከጎንና ከጀርባ መሀል አንድ አንድ፣ ከኋላ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ቀዳዳው በሁለት ቦን መሀል ካልሆነ ገመዱ ሲጠብቅ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው ወደ መሀል ይጎተትና ጀርባው እንደ መጋረጃ ይሸበሸባል። ቀዳዳዎቹን በ2 ወይም በ2.5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አድርጓቸው፣ የብረት ቀለበት ከሌላችሁ ክሩን ሳትቆርጡ በወስፌ ገፋ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእጅ ስፉት፣ የ1700ዎቹ ቦዲስ ሁሉ እንዲህ ነው የተሰራው። ልብሱ ሲታሰር ከኋላ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲቀር አድርጋችሁ ለኩ፣ ጨርቅ ለባሹ ላይ እየዋለ ትንሽ ይሰጣል፣ መጀመሪያውኑ የተጋጠመ ከሆነ ማጥበቂያ አታገኙም።

የቦን ማስገቢያው ከቦኑ ወርድ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ፣ ለ7.6ቱ 1 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ማለት ነው። በጣም ከሰፋ ቦኑ ውስጡ ይገላበጣል፣ በጣም ከጠበበ ክሩ ይበጠሳል። ርዝመቱ ደግሞ ከማስገቢያው በላይም በታችም ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይጠር። የእኔ ያን ጊዜ በስቶ የወጣው ጨርቁ ልስልስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ርዝመቱንም ስለቆረጥኩት ነው፣ ቁጭ ስትል መሄጃ አጣ። ጫፉን በሞረድ እንደ ጥፍር አክብቡት፣ ምላሳችሁ ላይ ብታደርጉት የማይቧጥጥ እስኪሆን። ከዛ እኔ የማደርገው፣ ከጓንት ሰሪዎች ወይም ከቆዳ ቤት የስስ የበግ ሌጦ ብጥስጣሽ እለምናለሁ፣ የኛ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በማስገቢያው አፍ ላይ አድርጌ እሰፋታለሁ። ከዛ ወዲህ የበሳ የለም።

አሁን ስለ ወገብ ማሰሪያው፣ ለእኔ ከቦኑ ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ትከሻ የሌለው ልብስ የሚወርደው ደረቱ ላይ ስላልጠበቀ ይመስላችኋል፣ ሙሽሮችም በየሠርጉ ሲጎትቱት የሚያመሹት ለዚህ ነው፣ ሰፊዋ ደረቱን ታጠብቃለች፣ እሱ ደግሞ ወደ ቀጭኑ ወደ ወገብ ይንሸራተታል። መያዝ ያለበት ወገብ ላይ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የማይለጠጥ ጠንካራ ሪባን ወስዳችሁ በትክክለኛው የወገብ ልክ ቁረጡት፣ ከልብሱ ውስጥ ወገቡ መስመር ላይ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ብቻ ያዙት፣ ጫፎቹ ጀርባ ላይ ነጻ ሆነው በመንጠቆ ይያያዙ። መጀመሪያ ሪባኑ ይታሰራል፣ ቀጥሎ ዚፑ ወይም ገመዱ። ያኔ ልብሱ ወገብ ላይ ይቀመጥና ቦኑ ከዛ ተነስቶ ደረቱን ወደ ላይ ይደግፈዋል፣ ዚፑም ስለማይጨናነቅ አይፈነዳም። ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ያሳያቸው ወገበ ቀጭን ልብሶች ውስጣቸው እንዲህ የተሰሩ ናቸው፣ ከውጭ የምታዩት ቀሚስ ውስጡ ካለው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሳቲኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ይሄን ሁሉ በአቡጀዲ ሰፍታችሁ ቦኑንም ለጊዜው ለጥፋችሁበት አልብሷት። አስቀምጧት። ከፊት ጎን ያለው ቦን ታፋዋን ከነካ እዛው በእርሳስ ምልክት አድርጉና አሳጥሩት። የድሮዎቹ ቦዲሶች ከወገብ በታች እንደ ቅጠል የተተረተሩት ለዚህ ነው፣ ዳሌ ላይ ሲደርስ ተከፍቶ እንዲያርፍ። እጅ እንድትነሳ አድርጉ፣ በመጨረሻም ከድርሰቱ ረጅሙን ንግግር ድምጿን ከፍ አድርጋ ትበለው፣ ተዋናይ በሆዷና በጎድኗ ነው የምትተነፍሰው። መሀሉ ላይ አየር ካጠራት ልብሱን አስፉ። "እችለዋለሁ" ብትላችሁም አትስሟት፣ ልጆች ለመድረክ ብለው ብዙ ነገር ይችላሉ። ከስሩም ሁልጊዜ ስስ የጥጥ ካናቴራ ትልበስበት፣ ላቡን እሱ ይጠጣዋል፣ እሱ ይታጠባል።

ልጅቷ ባለፈው ቅዳሜ መጣች፣ ሳቲኑን በምላጭ ስፌት በስፌት ፈታነው፣ ጥልፉ አልተነካም፣ ከስሩ ጥቁር ሰማያዊ ካኪ አስገባን፣ ከ16ቱ ቦን አንዱንም ሳንመልስ 10 የኬብል ማሰሪያ ከተትን፣ ወገቡ ላይ ነጭ ሪባን አሰርንለት። ማታ ሌላ ፎቶ ላከች። የምትተውነው ልጅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነው፣ ወገቧ ላይ አንዲት ስስ መስመር ብቻ ትታያለች፣ "ይቺስ እትዬ?" ብላ ጽፋለች። እሷ ቀና ስትል ትጠፋለች አልኳት።